ግቢን ከደንብ ሳይወጡ መያዝ፦ ከአጥሩ ውጪ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚሠራ መመሪያ

ቤት ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ግቢዬ ንጹሕ ነው፣ አበባውም አምሯል፤ ማስጠንቀቂያው ታዲያ ለምን መጣብኝ?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አጥሩ ሥር ወይም ከአጥሩ ውጪ ነው። የማዘጋጃ ቤት ደንብም ሆነ የመኖሪያ ቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ስለ አበባዎ ብዙም አይጨነቅም። የሚጠብቀው ሌላውን ሰው ነው፦ እግረኛው ሳያጎነብስ እንዲያልፍ፣ አሽከርካሪው ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን እንዲያይ፣ ጎርፍ መንገዱን ይዞ እንዲወርድ፣ እሳት እንዳይነሣ፣ አይጥና ትንኝ እንዳይራባ። ይህን ከያዙ የትኛውንም አካባቢ ደንብ ሲያነቡ አንቀጹ ለምን እንደተጻፈ ይገባዎታል፤ ሥራውን ከየት እንደሚጀምሩም ያውቃሉ። ለዚህም ነው መመሪያው ከዳር ወደ መሃል የሚሄደው።

የምጠቅሳቸው ልኮች በብዙ ከተሞች የተለመዱ ናቸው። የእርስዎ አካባቢ ደንብ ጠበቅ ያለ ከሆነ በእርሱ ይሂዱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የደንቡ ቅጂ እና የቤቱ ይዞታ ካርታ ወይም ፕላን
- ረጅም ሜትር፣ ሲባጎ እና ከአራት ያላነሱ ችካሎች
- ግልጽ የላስቲክ ቱቦ (ውሃ ልክ)፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም
- የአትክልት መቀስ፣ የእጅ መጋዝ፣ ረጅም እጀታ ያለው የቅርንጫፍ መጋዝ
- ዶማ፣ አካፋ፣ መንሽ፣ ሬክ
- የሣር ማጨጃ
- ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የተሸፈነ ጫማ
- ፎቶ የሚያነሣ ስልክ እና ማስታወሻ ደብተር

1. ደንቡን በጽሑፍ ያግኙ

ጎረቤት የነገረዎትን ይዘው አይነሡ። ደንቡ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከቤቶች ማኅበሩ እና ቤቱን ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ከፈረሙት ውል። ሦስቱ ከተለያዩ የሚያዋጣው ጠበቅ ያለውን መከተል ነው፤ ማኅበሩ ፈቀደ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ ፈቀደ ማለት አይደለም።

ሲያነቡ እነዚህን እየፈለጉ ያስምሩባቸው፦ የሣር ቁመት፣ የአጥር ቁመት፣ ዛፍ ለመቁረጥ የሚጠየቅ ፈቃድ፣ ቅጠል ማቃጠል፣ ማሽን የሚነሣበት ሰዓት፣ ውሃ የማጠጫ ቀንና ሰዓት፣ የጎርፍ ውሃ አለቃቀቅ፣ እንዲሁም ማስጠንቀቂያ ከደረሰ በኋላ የሚሰጠው የማስተካከያ ጊዜ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል፤ ከቅጣት የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

2. ወሰንዎን ይለዩ

አጥር ሁልጊዜ ወሰን አይደለም። ብዙ አጥር ከትክክለኛው መስመር ገባ ወይም ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ካርታውን ይዘው የማዕዘን ድንጋዮቹን ወይም ችካሎቹን ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ አፈርና ሣር ስለሚሸፍናቸው ማዕዘኑ አካባቢ በዶማ ጫፍ ቀስ ብለው ጫር ጫር ያድርጉ። ሲያገኟቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲባጎ ይወጥሩና ፎቶ ያንሡ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ቅርንጫፉ የማን ነው፣ ቦዩን ማን ይጥረግ፣ የተክል አጥሩን ማን ይከርክም የሚለው ሁሉ የሚፈታው በዚህ መስመር ነው። መስመሩን ሳያውቁ የቆረጡት ዛፍ የጎረቤት ሆኖ ከተገኘ ካሳ ያስከፍላል።

ከአጥርዎ ውጪ እስከ አስፋልቱ ወይም እስከ ቦዩ ያለውን ጠባብ መሬትም ይለኩት። በብዙ ከተሞች መሬቱ የሕዝብ ነው፤ የማጽዳት ግዴታው ግን በፊት ለፊቱ ባለው ቤት ላይ የተጣለ ነው። ማስጠንቀቂያ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። እዚያ ላይ ዛፍ፣ ትልልቅ ድንጋይ ወይም የብረት ካስማ አያቁሙ። የውሃ፣ የስልክና የመብራት መስመሮች ብዙ ጊዜ በዚያው ሥር ስለሚያልፉ አንድ ቀን ሊቆፈር ይችላል፤ የተከሉትን መልሶ የሚያቆምልዎ የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ የወሰን ድንጋይ ተዛብቶ ቢያዩት እንኳ በራስዎ እጅ አያንቀሳቅሱ። ድንጋይ ማንቀሳቀስ በብዙ አገሮች ያስቀጣል። ቀያሽ ያስጠሩ።

3. የመንገዱን ዳር ይክፈቱ

ሜትርዎን ይዘው ከአጥሩ ውጪ ይቁሙ። በእግረኛ መንገድ ላይ ያዘነበለ ቅርንጫፍ ከመሬት 2.5 ሜትር፣ በተሽከርካሪ መንገድ ላይ ያዘነበለ ደግሞ 4.5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። አውቶቡስና ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ላይ ከ5 ሜትር በላይ የሚጠይቁም አሉ። የለኩት በደረቅ ቀን ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉ። ቅጠል ዝናብ ሲሸከም ቅርንጫፉ ይወርዳል፤ ደረቅ ቀን ላይ ልኩን ያሟላ ቅርንጫፍ ዝናብ ሲጥል የሰው ፊት ይነካል።

ቀጥሎ መታጠፊያውንና የመኪና መግቢያዎን ይዩ። የትንሽ መኪና ሾፌር ዓይን ከመሬት 1.1 ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍታው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ቁመትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በመታጠፊያና በመግቢያ አጠገብ ያለ ቁጥቋጦ 1 ሜትር ከደረሰ ልጁም ከሾፌሩ ተሰወረ ማለት ነው። ቁጥቋጦውን ከ75 ሴንቲ ሜትር በታች ያድርጉት፤ በዚያ ቦታ የቆመ ዛፍ ካለ ደግሞ የታችኞቹን ቅርንጫፎች እስከ 2.5 ሜትር ድረስ ያንሡለት። ሲጨርሱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ከመግቢያው ቀስ ብለው ይውጡና በሁለቱም አቅጣጫ ይመልከቱ። የሚያጠራጥር ነገር ካለ ገና አልጨረሱም።

የመንገድ ምልክት፣ የቤት ቁጥር፣ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ እና የመንገድ መብራትም በቅጠል እንዳይሸፈኑ። አምቡላንስ በሌሊት ቤትዎን የሚያገኘው በቁጥሩ ነው።

4. ቅርንጫፉን በሦስት ቁርጥ ያውርዱ

ይህን በዝርዝር የምጽፈው ደንብ ለማክበር ሲባል ዛፍ የሚገደለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ከአውራ ጣት የወፈረ ቅርንጫፍ በአንድ ቁርጥ ከላይ ወደ ታች ከተቆረጠ ሳያልቅ በክብደቱ ይሰነጠቅና የግንዱን ልጣጭ ልጦ ይዞ ይወርዳል። በተላጠው በኩል መበስበስ ይገባል። ዛፉ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ቢወድቅ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

ሀ) ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ቅርንጫፉን ከሥር ወደ ላይ ሲሶውን ያህል ይቁረጡ። ልጣጩ እንዳይቀደድ የሚያቆመው ይህ ቁርጥ ነው።

ለ) ከመጀመሪያው ቁርጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውጪ ፈቀቅ ብለው ከላይ ወደ ታች ቆርጠው ይጣሉት። አሁን የቀረው ክብደት የሌለው ጉቶ ነው።

ሐ) ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን በደንብ ይመልከቱ፤ እብጥ ያለ፣ ልጣጩ የተሸበሸበ ቀለበት ያያሉ። ጉቶውን ከዚያ ቀለበት ውጪ ተጠግተው ይቁረጡት። ቀለበቱን ራሱን አይንኩ፤ ቁስሉን የሚዘጋው አዲስ ሕዋስ የሚያድገው ከእርሱ ነው። ረጅም ጉቶም አይተዉ፤ ጉቶው ሲደርቅና ሲበሰብስ መበስበሱን ወደ ግንዱ ይመራዋል።

ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ አይቀቡት። እርጥበት ያፍናል እንጂ አያድንም። በአንድ ዓመት ከዛፉ አክሊል፣ ማለትም ከቅርንጫፍና ከቅጠሉ ክፍል፣ ከሩብ በላይ አይቁረጡ። ጫፉን ገንድሶ ማሳጠር ደግሞ ጨርሶ ይቅርብዎ፤ ከተገነደሰው ላይ የሚወጡት አዳዲስ ቅርንጫፎች ቶሎ ይረዝማሉ፣ አያያዛቸው ግን ደካማ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ዛፉ ከበፊቱ የባሰ አደገኛ ይሆናል።

ከመቁረጥዎ በፊት ቅርንጫፎቹ መካከል ጎጆ ይፈልጉ። ዕንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ማፍረስ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅርንጫፉ ከመብራት ሽቦ በ3 ሜትር ክልል ውስጥ ከሆነ አይንኩት። ከፍተኛ ኃይል ባለው መስመር ላይ ሽቦውን ሳይነኩ እንኳ ኤሌክትሪክ ዘሎ ሊይዝዎት ይችላል፤ እርጥብ ቅርንጫፍና የብረት መሰላል ደግሞ ያስተላልፋሉ። ለመብራት አቅራቢው ያመልክቱ። መሰላል ላይ ሆነው የሞተር መጋዝም አያንሡ።

5. ሙሉ ዛፍ ከመጣልዎ በፊት ይለኩና ያስፈቅዱ

ብዙ ከተሞች ከተወሰነ ውፍረት በላይ ያለውን ዛፍ በግል ግቢም ቢሆን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ይከለክላሉ። ውፍረቱ የሚለካው በደረት ከፍታ፣ ከመሬት 1.3 ወይም 1.4 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ሜትሩን በግንዱ ዙሪያ ይጠምጥሙና ያገኙትን ለ3.14 ያካፍሉት። ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ማመልከቻው ላይ የትኛው እንደተጠየቀ፣ ዙሪያው ይሁን ውፍረቱ፣ አስተውለው ይሙሉ።

ከጎረቤት ግቢ ወደ እርስዎ የገባ ቅርንጫፍ ካለ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። አንዳንዱ ሕግ እስከ ወሰኑ ድረስ ራስዎ እንዲቆርጡ ይፈቅዳል፤ ሌላው ጎረቤቱ እንዲቆርጥ መጠየቅን ያስገድዳል። በሁለቱም ግን ወሰኑን ተሻግሮ መግባት ወይም ዛፉ እስኪሞት ሥር መቁረጥ ያስጠይቃል። አንድ አጭር ደብዳቤ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

6. ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ያስተካክሉ

ከጣሪያዎ የወረደ ውሃ ጎረቤት ግቢ ገብቶ ከተኛ ጉዳዩ የደንብ ብቻ አይሆንም፤ የካሳ ክስም ያስከትላል። ውሃ ከቤቱ መሠረት እየራቀ፣ በራስዎ ግቢ በኩል አልፎ፣ ወደ ተፈቀደው ቦይ መውረድ አለበት። አፈር ያለበት ቦታ ላይ ከግድግዳው ጀምሮ ባለው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር መውረድ ይፈለጋል፤ ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

በዓይን አይገምቱት፤ ዓይን በአጥርና በግድግዳ መስመር ይታለላል። በውሃ ልክ እንዲህ ይለኩ፦

- አንድ ችካል ግድግዳው ሥር፣ ሌላውን 3 ሜትር ርቀው ይትከሉ።
- ቱቦውን ውሃ ሞልተው ሁለቱን አፍ በችካሎቹ ላይ ወደ ላይ አቁመው ይሰሩ። ውሃው ረግቶ ሲቆም በሁለቱም ችካል ላይ የውሃውን ልክ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱ ምልክቶች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው።
- ከየምልክቱ እስከ መሬት ይለኩ። ግድግዳው ሥር 40 ሴንቲ ሜትር፣ ውጪው ላይ 55 ሴንቲ ሜትር ካገኙ ቁልቁለቱ ልክ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ውሃው ከግድግዳው አይርቅም፤ የውጪው ካነሰ ደግሞ ወደ ቤትዎ እየሄደ ነው።

ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ይዋሻል። ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር እያዩ አረፋውን በጣትዎ እየመቱ ያስወጡት። በጠራራ ፀሐይም አይለኩ፤ አንዱ ወገን ሲሞቅ ውሃው ከሌላው ከፍ ሊል ይችላል።

አፈር ሲጨምሩ የግድግዳውን ግርጌ ብዙ ከፍ አድርገው አይቅበሩ፤ እርጥበት ወደ ግድግዳው ይወጣል። ከአሸንዳው የሚወርደውን ቱቦ ከመሠረቱ ራቅ አድርገው ያስረዝሙት፤ አፉን ግን ወደ ጎረቤት አጥር አያዙሩት። የዝናብ ውሃን ወደ መጸዳጃ ፍሳሽ መስመር ማገናኘትም ብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል መስመሩ ሞልቶ ፍሳሹ ወደ ቤቶች ይመለሳል።

ዙሪያውን ሲያዩ ውሃ የሚያቁረውን ሁሉ ይድፉ፦ አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር ያለ ሳህን፣ የተጣጠፈ ላስቲክ፣ የተዘጋ አሸንዳ። በሞቃት ጊዜ ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ብቻ ይበቃታል። በየሳምንቱ ከደፉት እጩ (ውሃው ውስጥ ያለው የትንኝ ትል) ትንኝ ሆኖ ሳይበር ያልቃል።

7. ሣሩንና አረሙን በልኩ ይያዙ

የቁመት ገደቡ በብዙ ቦታ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ምክንያቱ አይጥና እባብ መደበቂያ እንዳያገኝ፣ ሲደርቅም የእሳት መነሻ እንዳይሆን ነው። ግን ሣሩ ረዝሟል ብለው በአንድ ጊዜ ወደ መሬት አያውርዱት። በአንድ ማጨድ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ ከተወሰደ ሥሩ ይዳከማል፤ በተራቆተው ቦታም አረም ይቀድማል። 24 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ መጀመሪያ ወደ 16፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ 11፣ እንዲያ እያሉ ያውርዱት። አረሙን ዘር ሳይጥል ይንቀሉ። ፀረ አረም የሚረጩ ከሆነ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ፣ ከቦይና ከውሃ ጉድጓድ ርቀው ይርጩ።

8. ቅጠልና ቁርጥራጩን ያስወግዱ

ሁለት ነገር አያድርጉ፦ አያቃጥሉ፣ ወደ ቦይ አይጥረጉ። ጭሱ የጎረቤትን ሳንባ ይጎዳል፣ እሳቱም ከአጥር አጥር ይሄዳል። ቦይ የገባ ቅጠል ደግሞ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከታች ያለውን ሰው ቤት ያጥለቀልቃል።

ኮምፖስት ማድረግ ይቀላል። ከአጥር ራቅ ባለ ጥላ ቦታ ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር የሚሆን ክምር ይሥሩ፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል ከአንድ እጅ እርጥብ ሣርና የአትክልት ልጣጭ ጋር እያፈራረቁ ይከምሩ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ ያገላብጡ። እጅዎ ውስጥ ጨምቀው ጠብታ ብቻ ካወጣ እርጥበቱ ደርሷል። ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ቅጠል ይጨምሩና ያገላብጡ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባትና ወተት አይጨምሩ፤ አይጥ የሚጠራው እርሱ ነው፣ አቤቱታም ይከተላል።

የተረፈውን ደረቅ ቅጠልና የተፈጨ ቅርንጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው በተክሎች ዙሪያ ጉዝጓዝ ያድርጉት። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያርቁት፤ ግንድ ላይ የተቆለለ ጉዝጓዝ ልጣጩን ያበሰብሳል።

9. አዲስ ከመትከልዎና ከመቆፈርዎ በፊት

ችግኙን ሲገዙ ያለውን ቁመት ትተው ሲያድግ የሚደርስበትን ይጠይቁ። የዛፍ ሥር በአብዛኛው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ግን ከአክሊሉ ጥላ በጣም አልፎ ይሄዳል። ውሃ ፈላጊ ዛፍ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቱቦ ካገኘ በስንጥቁ ገብቶ ይዘጋዋል። ትልቅ የሚሆነውን ከቤትም ከቱቦም ከወሰንም ያርቁ፤ ቦታ ከሌለ ቁጥቋጦ ይምረጡ።

የተክል አጥርም አጥር ነው፤ ብዙ ደንብ ከፊት ለፊት ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ ከኋላና ከጎን እስከ 2 ሜትር ድረስ ይወስነዋል። ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት የውሃ፣ የመብራትና የስልክ አቅራቢዎች መስመራቸውን እንዲያመለክቱልዎ ይጠይቁ። የተቀበረ መስመር ከተቆረጠ ጥገናው በቆፋሪው ነው፤ የመብራት መስመር ከሆነ ሕይወት ያጠፋል።

10. መዝገብ ይያዙ

ከሥራው በፊትና በኋላ ከተመሳሳይ ቦታ ላይ ሆነው ፎቶ ያንሡ፤ ሜትሩም አብሮ ይታይ። የፈቃድ ወረቀት፣ ለጎረቤት የሰጡትን ደብዳቤ ቅጂ፣ የሠሩበትን ቀን በአንድ ቦታ ያስቀምጡ። ባለሙያ ካሠሩ ደግሞ ደንቡን ማክበር የእርስዎ ግዴታ ሆኖ እንደሚቀር አይርሱ፤ ፈቃድ ያወጣው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- የአጥርን ቁመት ከተደለደለው አፈር ላይ መለካት። ብዙ ደንብ የሚቆጥረው ከመጀመሪያው የመሬት ወለል ነው፤ በ40 ሴንቲ ሜትር ድልድል ላይ የቆመ የ2 ሜትር አጥር 2.4 ሜትር ይባላል።
- ከውስጥ ብቻ መከርከም። አጥሩ ከመንገድ በኩል ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ ያጠበበውን የሚያየው ተቆጣጣሪው ነው።
- ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ማልበስ። አረም ይቀራል፤ ጎርፉ ግን ይበዛል፤ ውሃ የሚያሰርግ መሬት በመቶኛ የሚጠይቁ ደንቦችም አሉ።
- የቆረጡትን ቅርንጫፍ ከአጥር ውጪ ቆልሎ መተው። ማንሣቱ ዘግይቶ ለጥቂት ቀን ቢቀመጥ እንኳ መንገድ መዝጋት ተብሎ ይመዘገባል።
- ማሽን ማለዳ ማስነሣት። ሥራው ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ያስቀጣል።

ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ ከደረሰዎት

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የተጣሰው አንቀጽ ቁጥር፣ የማስተካከያው የመጨረሻ ቀን፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታ። አንቀጹን አውጥተው ያንብቡና በቦታው ላይ ሜትር ይዘው ያመሳክሩ። የተባለው ልክ ከሆነ በዚያው ቀን ፎቶ አንሥተው ሥራውን ይጀምሩ። ጊዜው የማይበቃዎት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጎጆ ተገኝቶ ወይም የዛፍ ፈቃድ እየጠበቁ ከሆነ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተቀበሉበትን ማስረጃም ይያዙ። ሥራው ሲያልቅ ተቆጣጣሪው ዳግም አይቶ ጉዳዩን እንዲዘጋው ይጠይቁና መዘጋቱን የሚያሳይ ወረቀት ይውሰዱ። ክፍት ሆኖ የቀረ ጉዳይ በሚቀጥለው ጊዜ ተደጋጋሚ ጥፋት ተብሎ ሊቆጠርና ቅጣቱን ሊያከብድ ይችላል።